ቀለሙን ተውት፣ ዳጉውን አምጡ

በአማርኛችን «የተቀባባ» ስድብ ነው። ሪፖርት ቀባባ፣ ታሪክ ቀባባ፣ ጥፋቱን ቀባባ እንላለን። ቃሉ ግን ያለ ጥፋቱ የተወነጀለ ይመስለኛል። ያው ቀለም ብራና ላይ ሲሆን ክቡር ነው፤ ቀለም የቆጠረ፣ ቀለም የገባው፣ ቀለም ቀመስ እያልን ሰው እናሞግስበታለን። የሚዋረደው ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ነው። እኔ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ስለ ብራናው ቀለም ብዙ ለፍልፌአለሁ። ዛሬ ጥብቅና የምቆመው ለቆርቆሮው ነው፤ በተለይም አሮጌ መኪና ለሚቀባው ርካሽ ቀለም።

አዎን፣ ለርካሹ! በጋሎን ተገዝቶ፣ በብሩሽና በሩሎ ተለቅልቆ፣ «ለጊዜው ይያዝልኝ» ለሚባለው።

ከአዋሽ ሰባት ተነስታችሁ፣ በገዋኔና በሚሌ አድርጋችሁ፣ ሎግያንና ሰመራን እስክትይዙ የመንገዱን ዳር ልብ ብላችሁ እዩት። ጎማ ከሚለጥፈው ልጅ ጎን፣ ከሻይ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ወይም ላስቲክ በተወጠረበት ዳስ ውስጥ፣ መስታወቱ ላይ ጋዜጣ የተለጠፈበት መኪና አይጠፋም። (ጋዜጣው ይኼ ዓምድ የወጣበት ሊሆን ይችላል፤ ቢያንስ እዚያ አንድ ቁም ነገር ይሠራል።) ባለቤቱ ቆሞ ያያል፣ ልጁ ይፍቃል፣ ቀቢው ቀለሙን በቲነር ያቀጥናል።

ለምን እዚያ? አገሩ ቀለም ስለሚበላ ነው። ሰመራ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ መውጣቱ ወሬ አይደለም፤ የሞቃቱ ወራት ኑሮ ነው። የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር ቀለሙን ያያያዘውን ሙጫ ይበጣጥሰዋል፤ ኮፈኑን በእጃችሁ ብትነኩት እንደ ጠመኔ ዱቄት ይቀርባችኋል። የቀረውን አሸዋ ያዘለው ነፋስ ይፍቀዋል። ከአፍዴራ ጨው የሚያመላልሰው መኪና ደግሞ የባሰ ዕዳ አለበት፤ ጨው እርጥበት እየሳበ ብረት ያስበላል። እዚህ አገር ቀለም የተራቆተበት መኪና ነገ ላሜራውም ይሄዳል። እናም ሰውየው የሚያስቀባው ሊያጌጥ አይደለም፤ ቆርቆሮውን ሊያቆይ ነው።

ይኼን የማይወዱ አሉ። «እነዚህ የተለቀለቁ መኪኖች የከተማ ገጽታ ያበላሻሉ» ይላሉ። ገጽታ! ለመሆኑ ባለ አሮጌው ምን ያድርግ? አዲስ ይግዛ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ7 ዓመት በላይ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። አሮጌ እንዳይገባ ነው፤ ዓላማውን አልቃወምም። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑን መንግሥት አሳወቀ። ይኼም ይሁን። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በሩ ሲዘጋ ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ተወዷል እንጂ አልጠፋም። በሌላ አገር ወደ ብረት ማቅለጫ የሚሄደው እኛ ዘንድ ለልጅ ይወረሳል። «ኤሌክትሪክ ይግዛ» እንዳትሉኝ፤ የኤሌክትሪክ መኪና መግዣ ያለው ሰው መኪናውን በሩሎ አያስቀባም።

በብሩሽ መቀባት ኋላ ቀርነት ነው የሚለውም ቢሆን ታሪክ አለማወቅ ነው። የዓለም የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች በብሩሽ ነው የተቀቡት፤ አንዱ መኪና ተቀብቶ እስኪደርቅም ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ጋራዦቻችን ውስጥ «ዱኮ» እያልን የምንጠራው ቃል ራሱ የዱፖንት ኩባንያ ቶሎ ደራቂ ቀለም የንግድ ስም ነበር፤ ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1923 ኦክላንድ በሚባሉት መኪኖቹ ላይ ቀባው፣ ወረፋውም አጠረ። እነሱም ከብሩሽ ነው የጀመሩት።

ደግሞስ ርካሽ ማለት ግዴለሽ ማለት ነው ያለው ማነው? አዋሽ ላይ አንድ ወጣት ቀቢ ሥራውን ደረጃ በደረጃ አስረድቶኛል። በመጀመሪያ መኪናው በኦሞ ይታጠባል፤ ዘይቱ ካልለቀቀ ቀለም አይይዝም። ዝገቱ በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪታይ ይፋቃል። ደህና የሆነው የድሮ ቀለም ላይም ወረቀቱ ያልፋል፤ የሚያብረቀርቅ ገጽ አዲስ ቀለም አይጨብጥምና። በተራቆተው ብረት ላይ አንቲሩስት ይደረጋል። ከዚያ ቀለሙ ስስ ሆኖ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሄዳል። ባንድ ጊዜ ካወፈሩት ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀርና ይጨማደዳል። የአንዲት ትንሽ አውቶሞቢል የውጭ አካል አሥር ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሊትር የዘይት ቀለምም ይህንኑ ያህል ስለሚሸፍን ባለ 4 ሊትር ጋሎን ለሦስት ቅብ ይበቃል። ሥራው የሚጀመረው ጎህ ሲቀድ ነው። ብረቱ ከጋለ በኋላ ከቀቡት ቲነሩ ቀለሙ ሳይደላደል ይተንና ላዩ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል፤ ከሰዓት ደግሞ ነፋሱ አቧራ ያለብሰዋል። የሚመረጠው ቀለምም ነጭ ነው፤ ፀሐይ ይመልሳል፣ በኋላ ሲነካካም ተመሳሳይ ማግኘት አይቸግርም።

«ስንት ጊዜ ይቆያል?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ዓመት ቢቆይ ነው፤ ከዚያ በላይ ብልዎት ዋሸሁ።»

እንግዲህ የእኔ ክርክር በዚህ መልስ ውስጥ አለ። ጊዜያዊ ነኝ ብሎ የሚናገር ቀለም ማንንም አይጎዳም። በሩሎ የተቀባ መኪና የብሩሹን ፈለግ ደረቱ ላይ ለጥፎ ነው የሚሄደው፤ አሮጌ ነኝ፣ ድሃ ነኝ፣ እየሠራሁ ነው ይላል። የሚያሳፍረው ሌላው ነው፤ ጊዜያዊ ሆኖ ዘላለማዊ ነኝ የሚለው።

ወደ ጠቤ ልምጣ። መኪናው ለሽያጭ ሲቀርብ ያው ቀለም ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ሩሎው ይቀርና ኮምፕሬሰር ይመጣል። ዝገት የበላው ፓራፋንጎ አይቆረጥም፣ አዲስ ላሜራ አይበየድለትም፤ ቀዳዳው በስቱኮ ይጠቀጠቃል፣ ይለሰልሳል፣ ይረጫል። የተሰነጠቀው ሻንሲ ጥቁር ይቀባል። ከዚያ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ጎማው ሳይቀር ጥቁር ተቀብቶ ይቆማል። «የፋብሪካ ቀለሟ ነው፤ አንዲት ጭረት የላትም» ይባላል። ውስጡን ለቄስ!

ዝገት ደግሞ ምስጢር ጠባቂ አይደለም። ብረት ሲዝግ ይፋፋል፤ ከመጀመሪያው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ሳይፋቅ የተቀባ ዝገት ከሥር ሆኖ ቀለሙን እየገፋ ያሳብጠዋል፣ ጥቂት ቆይቶም ይፈነዳል። ይኼ እንኳ የገንዘብ ኪሳራ ነው። ስቱኮ ግን ብረት አይደለም። አንድ ቀን መኪናው ሲጋጭ፣ ተሳፋሪውን ሊከላከል ይገባ የነበረው ምሰሶ እንደ ጠመኔ ይሰበራል። በቅኔ ቢሆን ሰሙ ሲገለጥ ወርቅ ይገኝ ነበር፤ እዚህ የሚገኘው ዝገት ነው። ሰመራ ላይ ደግሞ ሰም ለመቅለጥ ብዙ አይቆይም።

መድኃኒቱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚያው አፋር ምድር አለ፤ ዳጉ ይባላል። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ እጅ አውለብልበው አይተላለፉም፤ ቆም ብለው፣ አረፍ ብለው ይጠያየቃሉ። ከየት መጣህ? ምን አየህ? ምን ሰማህ? ዝናብ የት ጣለ? ሣሩ እንዴት ነው? ማን ታመመ፣ ማን ሞተ? በዓይን የታየው ከተሰማው ተለይቶ ይነገራል። ሐሰት ያወራ ሰው በማኅበረሰቡ ይጠየቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዚያ በረሃ «ውኃ አለ» ተብሎ ውኃ ከሌለ ሰውም ግመልም ያልቃል። ለእነሱ እውነተኛ ወሬ ከስንቅ ይቆጠራል።

እስቲ መኪና ሲሸጥ እንዲህ ቢሆን? ሻጭና ገዢ ሻይ ይዘው ቁጭ ይበሉ። መኪናዋ ከየት መጣች? ተገልብጣ ታውቃለች? ሻንሲዋ ተበይዷል? ስቱኮው የቱ ጋ ነው? ይኼ ቀለም መቼ ተቀባ? ከመቀባቱ በፊት ምን ነበረ? የትኛውን አንተ አይተሃል፣ የትኛውን ከቀድሞው ባለቤት ሰማህ? ለዚህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። እኛ ግን የያዝነው ዘይቤ «ሆድ ይፍጀው» ነው። ሻጭ ያውቃል፣ ደላላ ያውቃል፣ ቀቢው ያውቃል፤ የማያውቀው ከፋዩ ብቻ ነው።

«ገበያ ነው፤ ገዢ ዓይን የለውም ወይ?» ይሉኛል ደላሎች። ዓይን ስቱኮን ዘልቆ አያይም። ሕጉም ቢሆን ከደላሎቹ ጋር አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። እስከዚያው ግን አንባቢዎቼ፣ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ። በሩ ሥር፣ ፓራፋንጎው ላይ፣ ምሰሶው ላይ አስኬዱት። ብረት በሆነው ላይ ይይዛል፤ ስቱኮ የወፈረበት ላይ ሲደርስ ይወድቃል። ማግኔት ኮሚሽን አይበላም።

የዓመታዊው ምርመራ ነገርም አለ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪ ሁሉ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ቦሎ ሊደርስ ሲል የቀለም ሥራ የሚደራው ለምን ይመስላችኋል? ያማረ መኪና ዓይን ስለሚገዛ ነው። የፍሬን ሸራ የሚቀየርበት ገንዘብ ኮፈን ላይ ይፈስሳል። ከአዋሽ እስከ ሚሌ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሰሃራ የመሰለ ሜዳ፣ የጋለ አስፋልት፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርድና ከጅቡቲ የሚወጣ ከባድ መኪና። ከውጭ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚያ ወደብ ነው የሚያልፈው። በዚህ መንገድ ላይ ያረጀ ጎማ በሙቀት ይፈነዳል። ቀለም ጎማ አያቀዘቅዝም፣ ፍሬንም አይይዝም። መርማሪዎች ሆይ፣ ሩሎ የተቀባውን መኪና በመልኩ አትጣሉት፣ የሚያብረቀርቀውንም በመልኩ አታሳልፉት። ተንበርክካችሁ ሥሩን እዩ።

በዚህ ሁሉ ክርክር መሐል ማንም የማያነሳው ሰው ደግሞ አለ፤ የሚፍቀው ልጅ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ከልክሏል። መልካም። ከዚያ በፊት የተቀባው የአሮጌው መኪና ቀለም ግን በያለበት ነው፣ ድርብርብ ሆኖ። ልጁ በደረቁ ሲፍቀው ብናኙን ይተነፍሰዋል፤ በዚያው እጁ እንጀራ ይበላል። እርሳስ ደም ውስጥ ከገባ የልጅ አእምሮ ይጎዳል። መከላከያው ግን ውድ አይደለም፦ ወረቀቱን ውኃ እየነከሩ መፋቅ፣ አፍና አፍንጫን በደህና ማስክ መሸፈን፣ ምግብ ከመንካት በፊት መታጠብ። መኪናችሁን ስታስቀቡ የዋጋ ክርክሩን እዚህ ላይ አቁሙት። የውኃ ባልዲና የማስክ ዋጋ ጨምሩ።

ስለ ገጽታ የምትጨነቁ የከተማ ሰዎች፣ ጭንቀታችሁ ከልብ ከሆነ ሥራ ላመላክታችሁ። አዋሽም ሆነ ሰመራ ላይ ለእነዚህ ቀቢዎች ጥላና ውኃ ያለው፣ ቲነሩና ፍቅፋቂው ወደ አዋሽ ወንዝ የማይፈስበት ቦታ ስጧቸው። የመኪና ሽያጭ ውል ላይ አንድ ገጽ ጨምሩ፤ ሻጩ የመኪናዋን ዳጉ በእጁ ጽፎ ይፈርምበት። የት ተመታች፣ የት ተበየደች፣ የት ስቱኮ አለ፣ መቼ ተቀባች። አይቻልም አትበሉኝ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ግመል ነጂ በቃሉ የሚያደርገውን፣ ማኅተምና ኮምፒዩተር ያለው መሥሪያ ቤት እንዴት ያቅተዋል?

እስከዚያው ሩሎ የተቀባችውን መኪና አትሳቁባት። የብሩሽ ፈለጓን ሳትደብቅ ነው የቆመችው። ሄዳችሁ ከጎኗ የምታብረቀርቀውን ጠይቁልኝ።