ከቀይ ባሕር እስከ ጋይንት ብርድ

ከነፋስ መውጫ የጻፍሽልን እህታችን፣ ውጭ ያለው እጮኛሽ «ለሰርጋችን ሳሎን» ብሎ አኒሞን የተባለውን የባሕር ፍጡር ከነመስታወት ገንዳው ላምጣልሽ ብሎሻል። «እሺ ልበለው ወይ?» ነው ጥያቄሽ።

እኛስ እንቢ በዪው ባይ ነን። አኒሞን አበባ ይምሰል እንጂ ሥጋ በል እንስሳ ነው፤ በሚናደፉ ክንዶቹ ዓሣ ይይዛል። እንደ ቀይ ባሕር ያለ ሙቅ ውሃ፣ 25 ዲግሪ ገደማ፣ በሊትርም 35 ግራም ያህል ጨው ይፈልጋል። ጨው ሲባል የወጥ ጨው እንዳይመስልሽ! አሞሌም አይሆንም፤ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ አለ። ነፋስ መውጫ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ ብርዱን ለአንቺ አንነግርሽም። ማሞቂያውም ፓምፑም በኤሌክትሪክ ነው የሚሠሩት። ሌሊቱን መብራት ከጠፋስ? አኒሞኑ ከሞተ ሲበሰብስ ውሃውን ይመርዛል፣ ዓሦቹንም ይዟቸው ይሄዳል። ገንዳውም ቢሆን ወራት ቆይቶ ካልረጋ አኒሞን አይገባበትም። ለሰርጉ መች ሊደርስ!

ውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ካማረሽ ጎልድፊሽ ብርድ ይችላል፤ ጨው አይል፣ ማሞቂያ አይል። ሰፋ ያለ ገንዳና ማጣሪያ ይኑረው፤ የቧንቧውን ውሃ ክሎሩ እንዲወጣለት ክፍቱን አሳድሪው። እጮኛሽ «ስጦታዬን ናቀችብኝ» እንዳይል ዓሣውን እሱ ይምረጥ።