የወርቁ ጉድጓድ የማን ነው?

በቤኒሻንጉል አገር ወርቅ ማጠብ የቆየ ሙያ ነው። የግብጹ ገዥ መሐመድ ዓሊ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት፣ ከቋመጠላቸው ነገሮች አንዱ የዚሁ አካባቢ ወርቅ ነበር። ዛሬም በአሶሳ ዙሪያና በኩርሙክ በኩል ያለው ገበሬ እህሉን ከሰበሰበ በኋላ ዶማና ገበቴውን ይዞ ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል። ከሽያጩም ልብስ ይገዛል፤ ልጁን ያስተምራል። ስለዚህ ከተማ ተቀምጠው «ሥራው ጨርሶ ይከልከል» በሚሉት ወገኖች አንስማማም።

ዳሩ ግን ወርቁ ተሸጦ ካበቃ በኋላ ጉድጓዱ የማን ነው? ይህን የሚጠይቅ ሰው አላገኘንም።

ገበሬ እንደሚያውቀው የመሬት ጉልበቱ ያለው ከላዩ ስስ አፈር ላይ ነው። ቆፋሪው ወርቅ ያዘለውን ጠጠር ፍለጋ ሲወርድ ይህ ለም አፈር ከሥር ይቀበራል፤ የሥሩ ጭንጫ ደግሞ ከላይ ይከመራል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚለው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ለም አፈር ለመፈጠር እስከ 1,000 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። አንድ ጎበዝ ቆፋሪ በአንድ ማለዳ ይገለብጠዋል።

ሽመል የሚባለው የቆላ ቀርከሃ የዚህ አገር ሀብት ነው። ቤት ይሠራበታል፤ ቅርጫት ይሆናል፤ በክረምት የሚያወጣውም ለጋ ቡቃያ ይበላል። ቡቃያው የሚወጣው ከመሬት ሥር ካለው ግንዱ ስለሆነ፣ የተቆረጠ ሽመል መልሶ ያድጋል፤ ሥሩ በዶማ የተነቀለ ግን አይመለስም። በባዶው ጉድጓድ ውኃ ይጠራቀማል፤ ቆላ ነውና የወባ ትንኝ ትራባበታለች፤ ከብትም ይገባበታል።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበን በአንዳንድ ሥፍራ ገበቴውን ተከትሎ የገባው ባዜቃ፣ ማለት ሜርኩሪ ነው። ባዜቃ ከወርቁ ብናኝ ጋር ተዋሕዶ ይጓጉላል፤ በእሳት ሲሞቅ እርሱ ተንኖ ወርቁ ይቀራል። ትነቱን የሚስበው ቆፋሪው ነው፤ ምጣዱ በጎጆ ውስጥ ከተጣደም እናትና ሕፃን አብረው ይስቡታል። ወንዝ የገባው ወደ ዓሣ ይተላለፋል። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1956 በይፋ የታወቀው የጃፓኑ የሚናማታ በሽታ፣ ከፋብሪካ ወደ ባሕር በተለቀቀ ባዜቃ የተበከለ ዓሣ በመብላት የመጣ ነበር። ትነቱን ይዞ የሚያቀዘቅዝ ክዳንና ቧንቧ ያለው የብረት ዕቃ መኖሩን ግን ስንቱ ቆፋሪ ሰምቷል? አሠራሩ ከአረቄ ማውጫ እምብዛም አይለይም፤ የአገራችን ቀጥቃጭ የማይሠራው አይደለም።

ለጉድጓዱም መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ለሙ አፈር አስቀድሞ ለብቻው ተቆልሎ ቢቆይና ጭንጫው ሲመለስ በላዩ ቢለበስ፣ መሬቱ እንደገና ሊታረስ ይችላል። ይህ ግን የጉልበት ሥራ ነው፤ ዛሬ ሠርቶ ዛሬ የሚበላውን ሰው ያለ ዋጋ ድፈን ማለት አይገባም። ወርቁን እየተቀባበለ የሚያተርፈው ነጋዴ አለ። (በድንበር ሾልኮ ስለሚወጣው ሌላ ቀን እንነጋገራለን።) ፈቃድ የሚሰጡት የክልል መሥሪያ ቤቶች በእያንዳንዱ ግራም ላይ ጥቂት ብር ለጉድጓድ መድፈኛ እንዲከፈል ቢደነግጉ፣ የሚከፈለውም ከቆፋሪው ሳይሆን ከነጋዴው ትርፍ ቢሆንና ገንዘቡ እዚያው ቀበሌ ቢቀመጥ፣ ክረምቱ ሳይገባ ጉድጓዱን የሚደፍኑት እነዚያው ቆፋሪዎች የቀን ሒሳባቸውን ያገኙበታል።