ዶሮ ወጡ ለውሻው አይሆንም



ባለፈው ፋሲካ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። ዶሮ ወጡን የሠራችው እሷ ናት። ታዲያ ከበዓሉ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ከድስቱ የተረፈውን በእንጀራ እየፈተፈተች ለውሻችን ትሰጠው ነበር። የአሥር ዓመት ልጄ ይህን አይታ «አያቴ፣ ኖ! ኖ!» ትላለች። ከዚያ በላይ አማርኛው አልመጣላትም። እናቴ ደግሞ ልጅቷ ለውሻው የሰሰተች መስሏት፣ «ተይው ይብላ፣ እሱም ነፍስ አለው» ብላ ጨመረችለት።

በሳምንቱ ውሻው ተልፈስፍሶ ተኛ። ድዱ ነጣ፣ ሽንቱም የጠቆረ ሻይ መሰለ። የእንስሳት ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችን «ምን በላ?» ብላ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰባብራል፤ ድመት ላይ ደግሞ ይብሳል። መብሰሉም መድረቁም ጉዳቱን አያስቀረውም። ምልክቱ ከቀናት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ሰው ከምግቡ ጋር ላያያይዘው ይችላል። እንግዲህ የኛን ወጥ አስቡት፦ ቁሌቱ ሽንኩርት፣ በርበሬው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅቤውም ሲነጠር እንደዚያው። ውሻው በሕክምና ተርፏል፤ ሂሳቡን ባልነግራችሁ ይሻላል።

ልጄ ግን ይህን ቀድማ ታውቅ ነበር፤ ትምህርት ቤት ነግረዋቸዋል። ያጠራት ለአያቷ የምታስረዳበት ቋንቋ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝም ይኸው ነው። ቤታችን ውስጥ የውሻው ነገር ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ እኛም «የውሻ ነገር» ብለን ትተነው ነበር።

«አገር ቤት ፍርፋሪ በልተው ያድጉ የለም ወይ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እኔም ብያለሁ። አገር ቤት ያለችው ድመት ሽሮ ብትልስም ማታ አይጧን ይዛ ትበላለች፤ የሚያስፈልጋትን ከዚያ ታገኛለች። አፓርታማ ውስጥ የተዘጋባት ድመት አይጥ ከየት ታምጣ? በጾም ወራት ሽሮና ምስር ብቻ የሚቀርብላት ድመት እኮ አለች! ድመት ሥጋ የግድ ያስፈልጋታል። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን አይሠራውም፤ ከሥጋና ከዓሣ ነው የምታገኘው። ካጣችው ዓይኗ እስከ መታወር፣ ልቧም እስከ መድከም ይደርሳል። የልቡ ሕመም ከታውሪን እጥረት ጋር መያያዙ የታወቀው በ1987 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የድመት ምግብ ፋብሪካዎች መጠኑን ጨመሩ። ካሮት አብስላችሁ ብትሰጧትም እንደኛ ወደ ቫይታሚን ኤ አትለውጠውም።

ውሻ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ሩዝም ድንችም ይፈጫል፣ ፕሮቲኑ ካልጎደለበት። እዚህ አሜሪካ በሚሠራበት መለኪያ ውኃው ከተቀነሰ በኋላ ከሚቀረው ምግብ ለጎልማሳ ውሻ ቢያንስ 18 በመቶ፣ ለድመት 26 በመቶው ፕሮቲን መሆን አለበት። ስለዚህ የውሻውን ምግብ ለድመቷ ማካፈል አያዋጣም። ማሸጊያው ላይ «ኮምፕሊት ኤንድ ባላንስድ» የሚል ካለ፣ የተሟላና የተመጣጠነ ማለት ነው፤ ለየትኛው ዕድሜ እንደሆነም እዚያው ተጽፏል። ጉርሻ ቢጤውን ከቀኑ ምግብ ከአሥር አንድ እጅ አታሳልፉት። ዘቢብ፣ ቸኮሌት፣ ያልተጋገረ የዳቦ ሊጥና የበሰለ አጥንት ግን ጭራሽ አይቅረቡ።

እኔ የምለው፣ ይህን ማሸጊያ ልጆቻችሁ በአማርኛ ያንብቡላችሁ። እንግሊዝኛውን እያዩ «ይሄ ምንድነው?» ስትሏቸው «ሥጋ፣ ጉበት፣ ሩዝ» ይበሉ፤ ሲያቅታቸው ንገሯቸው። ሲመግቡም «ስንት ኩባያ ሰጠኸው? ውኃ ቀይረሽለታል?» በሏቸው። መቼም ለቤት ሥራ የሚለግም ልጅ ለውሻው አይለግምም። የኛዋ «ሽንኩርት አለበት፣ ያመዋል» የሚለውን በአንድ ቀን ነው የያዘችው።

እናቴ ለገና ተመልሳ ትመጣለች። ባለፈው እሑድ ደውላ «ዘንድሮስ ለውሻው ምን ላምጣለት?» ስትል ስልኩን ለልጄ ሰጠኋት።