የአራት ዓመት ልጅ ምን ያባክናል?

ሰኔ ከተጋመሰ ጀምሮ መርካቶ ዙሪያ በየመብራት ምሰሶውና በየሱቁ በር የሚለጠፈው ወረቀት ዘንድሮም ያው ነው፦ «የልጅዎ ክረምት እንዳይባክን»። ከሥሩ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ የእጅ ጽሑፍና ኮምፒዩተር ተደርድረዋል፤ የመቀበያው ዕድሜ ደግሞ ከ4 ዓመት ይጀምራል። ወረቀቱ ለከርሞው የ8ኛ ክፍል ፈተና ለሚዘጋጅ ልጅ ቢሆን አልከራከርም። እኔን ያናደደኝ ያቺ 4 የምትል ቁጥር ናት። የአራት ዓመት ልጅ ሐምሌና ነሐሴን ከእናቱና ከአያቱ ጋር ቤት ስለዋለ ምን ይጎድልበታል? ይህን ጥያቄ የሚመልስ አንድም ማስታወቂያ አላየሁም፤ መልስ ስለሌላቸው አይመልሱትም። የሚያውቁት የእናትን ፍርሃት ነው። የጎረቤቷ ልጅ ሲመዘገብ የእሷ ልጅ ወደ ኋላ የሚቀር ይመስላታል፤ ከጉልት ያገኘችውን ብር ይዛ ትሄዳለች።

«ልጅ በክረምት የተማረውን ይረሳል» የሚለው ማስፈራሪያ በምን እንደሚደገፍ ይታወቃል። በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1982 የተጀመረ አንድ ጥናት፣ የድሃና የሀብታም ልጆች የትምህርት ልዩነት የሚሰፋው በረጅሙ ዕረፍት ነው ብሎ ነበር። አባባሉ ለዓመታት ሲደጋገም ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ፖል ፎን ሂፔል የተባለ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በአዳዲስ የፈተና ዘዴዎች ሲመረምረው ያ ውጤት አልተደገመም። የተገኘው ሌላ ነው፤ ልዩነቱ በአብዛኛው ልጆቹ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ በፊት የተፈጠረ ነው። «እንግዲያው በአራት ዓመቱ ይጀምር» የሚል አይጠፋም። ከትምህርት ቤት በፊት ልጅን የሚለያየው ግን የሚሰማው ወሬ፣ የሚበላው ምግብና አጠገቡ የሚቀመጥለት ሰው ነው፤ ነጥብ በነጥብ እየተከተለ ፊደል ማድመቅ ይህን አይተካም። ፊንላንድ ልጆቿን መደበኛ ትምህርት የምታስጀምረው በ7 ዓመታቸው ነው፤ የዓመቱ ረጅም ዕረፍታቸውም ወደ 10 ሳምንት ይጠጋል። ስለ ፊንላንድ ትምህርት ጥራት በየስብሰባው ሲወራ ይህኛው ክፍል ለምን እንደሚዘለል አይገባኝም።

የማስታወቂያው ትልቁ ድክመት ግን ቤትን ባዶ አድርጎ ማየቱ ነው። የመርካቶውን ምን አለሽ ተራ እንውሰድ። ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ጣሳ፣ በርሜል፣ ጀሪካንና ጠርሙስ እዚህ ይራገፋል፤ ቆርቆሮው ተቀዶና ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ፣ ኩራዝ፣ ባልዲ ይሆናል፤ ያረጀው ጎማ በረባሶ ይሆናል። በዚህ ሥራ የሚተዳደር ቤተሰብ ቤት ጠባብ ሊሆን ይችላል፣ ባዶ ግን አይደለም። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው አያት የተደባለቀ ዕቃ ዘርግፋ ትለያለች፤ ልጁ አጠገቧ ይቀመጣል። አንድ ብሎን ያነሳል፣ ዳዶ ይፈልግለታል። የመጀመሪያው ሰፊ ነው፣ ይሾልካል። ሁለተኛው ይገባና ጥርሱ ላይ ይነክሳል፤ ልጁ ይገፋል፣ ዳዶው እምቢ ይላል። ሦስተኛው ገብቶ ሲዞርለት ማንም «ጎበዝ» ሳይለው አገኘሁት ብሎ ይጮሃል። መጠን ማመዛዘን፣ መሞከር፣ መሳሳት፣ እንደገና መሞከር የሚባለው ሁሉ እዚያች ደቂቃ ውስጥ አለ። አያትየው ደግሞ ዝም አትልም፤ ይኼ ናስ ነው፣ ያ መዳብ ነው፣ ይኼኛውን ማግኔት አያነሳውም ትላለች። ተከራይቶ ወንበር የተደረደረበት ክፍል ውስጥ ከሠላሳ ሕፃን ጋር ታጭቆ «ኤ ፎር አፕል» የሚል ልጅ በዚያው ሰዓት ከዚህ የበለጠ እየተማረ ነው የሚለኝ ሰው ካለ ይከራከረኝ።

ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ክፍል ውስጥ የተዘጋው ልጅ የሚያጣው ይብሳል። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። የሰፈር ልጆች ከዚያ ቀደም ብለው ዱላ ያበጃሉ፣ አውጪና ተቀባይ ይመድባሉ፣ የሆያ ሆዬውን ግጥም ያጠናሉ፣ የትኛው ቤት መጀመሪያ እንደሚኬድ ይከራከራሉ። በመጨረሻም ሙልሙሉንና ሳንቲሙን ይካፈላሉ፤ ክፍፍሉ ላይ የሚነሳውን ጠብ ያየ ሰው ሒሳብና ፍትሕ እንዴት እንደሚለመድ አይቷል። ትንሹ ከኋላ እየሮጠ፣ ግማሹን ቃል እየዋጠ ይከተላል፤ በከርሞው ተቀባይ ይሆናል፣ አንድ ቀን አውጪ። ቀጥሎ እንቁጣጣሽ አለ፤ ልጃገረዶቹ አበባየሆሽን ይለማመዳሉ፣ ወንዶቹ በየቤቱ የሚያዞሩትን የአበባና የፀሐይ ሥዕል ይቀባሉ። ሁሉም ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚተላለፍ ስለሆነ አንድ ክረምት ክፍል ውስጥ የተዘጋበት ሕፃን የሚጎድልበትን በመስከረም ትምህርት ቤት አያገኘውም። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሆያ ሆዬ ደብዝዟል ብለን ከምናዝን፣ ሕፃናቱን ከሰፈር ላይ ማን እየለቀማቸው እንደሆነ ብንጠይቅ ይሻላል።

ድሮም ልጅ በክረምት ቄስ ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ይሄድ ነበር ይባላል። እውነት ነው። ግን ቦታው እዚያው ሰፈር ውስጥ ነበር፣ ትልቁና ትንሹ አንድ ላይ ተቀምጠው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፣ ትንሹ ከትልቁ አፍ ይቀበላል፣ ከዚያ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። የኔታም ሆኑ ኡስታዙ ለእናትየው «ልጅሽ ካንቺ ጋር ሲውል ጊዜው ይባክናል» ብለዋት አያውቁም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ እናትም አባትም ሥራ ላይ ናቸው፣ አያት የሌለችበት ቤት ብዙ ነው፣ ምን አለሽ ተራ ደግሞ የተቆረጠ ቆርቆሮ፣ የተከፈተ ባትሪ፣ የጋለ ብረትና የጭነት መኪና የሞላበት ቦታ ነው። ይህን አልክድም። ሕፃን መዶሻና መቀስ ወዳለበት ይምጣም አላልኩም፤ ከአያት ጎን ተቀምጦ ዳዶ መምረጥ አንድ ነገር ነው፣ ልጅን ለገቢ ማሠራት ሌላ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉም ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ነገር ግን እናትየዋን የቸገራት የልጇ እንግሊዝኛ አይደለም፤ ልጇን የሚያይላት ሰው ማጣቷ ነው። የከተማው አስተዳደር አዲስ አበባን ልጅ ለማሳደግ ምርጧ የአፍሪካ ከተማ አደርጋለሁ ብሏል፤ እንግዲያው ምን አለሽ ተራና ቆርቆሮ ተራ አጠገብ ጣሪያ ያለው፣ ወለሉ ደረቅ፣ ሕፃን የሚሮጥበት ማቆያ ያስፈልጋል፤ በመሥሪያ ቤት ግቢ ለቢሮ ሠራተኛ ልጆች ብቻ የሚከፈተው ለጉልት ነጋዴዋ አይደርስላትም።

እስከዚያው ወረቀት የሚለጥፉት ሰዎች የሚሠሩትን በስሙ ይጥሩት። «ልጅዎን እንጠብቃለን፣ ምሳ እናበላለን፣ ከዝናብ እናስጠልላለን፣ የሚያጫውት ሰው አለን» ብለው ይጻፉ። ለዚህ መክፈል ተገቢ ነው፤ ልጅ መጠበቅ የተከበረ ሥራ ነው፣ ብዙ እናቶችም አመስግነው ይከፍላሉ። የእጅ ጽሑፉን ደብተር ከቦርሳው ያውጡት፣ ከ4 ዓመት የሚለውን ቁጥር ይሰርዙት፣ ነሐሴ 13 ቀን ደግሞ በሩን ዘግተው ልጆቹን ወደየሰፈራቸው ይልቀቋቸው።