ሞገዱን የሚቀርጸው ኮራል

በደቡብ ፓስፊክ በምትገኘው የታሂቲ ደሴት ደቡባዊ ዳርቻ፣ የመኪናው መንገድ በሚያበቃበት ስፍራ፣ ቴአሁፖኦ የምትባል ጸጥተኛ መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ2024 የተካሄደው የፓሪስ ኦሊምፒክ የሰርፊንግ፣ ማለትም በሰሌዳ ላይ ቆሞ በሞገድ የመንሸራተት ውድድር፣ ከፓሪስ 15,700 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዚህች መንደር የተደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም። ምክንያቱን ፊዚክስ ይነግረናል፤ ከውድድሩ በፊት የተነሣው ክርክርም ከዚሁ ምክንያት ተነጥሎ ሊታይ አይችልም እንላለን።

ሞገዱ የሚወለደው በመንደሯ አቅራቢያ አይደለም። በአንታርክቲካ ዙሪያ ባለው ውቅያኖስ ላይ ዐውሎ ነፋስ ውሃውን ይንጠዋል፤ ሞገዱም ከነፋሱ ተለይቶ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ዋልተር ሙንክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1963 እንዲህ ያለውን ሞገድ ከኒው ዚላንድ እስከ አላስካ በዘረጓቸው ጣቢያዎች ተከታትለው፣ ከዐውሎ ነፋሱ ክልል ከወጣ በኋላ የሚያጣው ጉልበት ጥቂት መሆኑን አሳይተዋል። በሁለት ተከታታይ ሞገዶች መካከል 16 ሰከንድ ቢኖር፣ በጥልቅ ውሃ ላይ የሞገዱ ፍጥነት በሰከንድ 25 ሜትር፣ ርዝመቱም 400 ሜትር ያህል ይሆናል። (ጉልበቱ የሚጓዘው ግን በዚህ ፍጥነት ግማሽ ነው፤ ምክንያቱን ተማሪዎች ራሳቸው አስልተው እንዲደርሱበት እንተወዋለን።)

የውሃው ጥልቀት ከሞገዱ ርዝመት ግማሽ ሲያንስ ወለሉ ሞገዱን መግታት ይጀምራል። በ1 ሜትር ጥልቀት ፍጥነቱ በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጉልበቱ ግን አልጠፋም፤ ስለዚህ ቁመቱ ያድጋል። ወለሉ ቀስ እያለ በሚነሣባቸው ዳርቻዎች ሞገዱ በመንገድ ላይ እየተሰበረ ይደክማል። በቴአሁፖኦ የኮራሉ ግድግዳ ከጥልቁ በድንገት ስለሚነሣ፣ የሞገዱ አናት ወደ ፊት ተወርውሮ የውሃ ዋሻ ይሠራል። ከተራራ የሚወርደው ጨው አልባ ውሃ ደግሞ የኮራሉን ዕድገት ስለሚገታ በግድግዳው ላይ በር ተከፍቷል። ሞገዱን የሚቀርጸው እንግዲህ ሕይወት ያለው ፍጡር ነው።

አዘጋጆቹ የቀድሞው የእንጨት ማማ የደኅንነት መስፈርት አያሟላም ብለው፣ ለዳኞች የአሉሚኒየም ማማ በዚሁ ኮራል ላይ ለማቆም አቀዱ። የመንደሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 በተቃውሞ ተሰለፉ። በዲሴምበር ለሙከራ የመጣ ጀልባ ኮራል ሰበረ። የማማው ክብደት ከ14 ወደ 9 ቶን ተቀንሶ ሥራው ቀጠለ።

«ሞገዱ ራሱ ኮራል ይሰብር የለ? ጥቂት ቀዳዳ ምን ያመጣል?» የሚል ይኖራል። ምናልባት ምንም አያመጣ ይሆናል። ይህን በልኬት የማስረዳት ግዴታ ግን የቦርቧሪው እንጂ የዓሣ አጥማጁ አይደለም። ዓሣ አጥማጆቹ የፈሩት ሲጓቴራ የተባለውን የምግብ መመረዝ ነበር፤ በሞተ ኮራል ላይ በሚበቅል አልጌ መካከል የሚኖሩ ደቂቅ ፍጥረታት የሚያመነጩት መርዝ ወደ ዓሣ ይገባል፤ ምግብ ማብሰልም አያጠፋውም። ይህ ስጋት በባዮሎጂ የተደገፈ ነው፤ አጉል እምነት ብሎ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናትም የኮራል ግድግዳዎች የሞገድን ጉልበት በአማካይ 97 በመቶ እንደሚቀንሱ አመልክቷል። ከግድግዳው በስተጀርባ ደግሞ የሰው ቤት አለ።

ዓለም አቀፉ የሰርፊንግ ማኅበር ዳኞቹ ከየብስ ሆነው በቀጥታ ምስል እንዲዳኙ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ተቀባይነት አላገኘም፤ በእኛ አስተያየት ሊያገኝ ይገባው ነበር። ማማው ቆመ፣ ውድድሩም ተካሄደ፤ የወንዶቹን ወርቅ የወሰደው በዚያው ደሴት ሞገድ ያደገው ካውሊ ቫስት ነው።