የተሰናባች ሠራተኛን ሒሳብ ለምትዘጉ አሠሪዎች

ለግል ድርጅት ባለቤቶች፣ ለሥራ አስኪያጆች፣ ለሰው ኃይልና ለፋይናንስ ኃላፊዎች፦

ሠራተኛ ሲለቅ ሒሳቡን የምትዘጉበት መንገድ ልክ አይደለም።

የደመወዝ ሒሳብ ስሠራ ብዙ የስንብት ክፍያ ወረቀት በእጄ አልፏል። ከላይ የመጨረሻው ወር ደመወዝ አለ፤ ቀጥሎ በገንዘብ የተለወጠ የዓመት ፈቃድ፤ ከሥር «ልዩ ልዩ ተቀናሽ» የሚል መስመርና አንድ ድምር። ውስጡ ያለው የካሽ ጉድለት ይሁን የዩኒፎርም ዋጋ፣ የተሰበረ ብርጭቆ ይሁን ያላለቀ ብድር ወረቀቱ አይናገርም። የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይዋ «ይሄ የምንድነው?» ስትል «ስቶር የላከው ነው» ትባላለች። ስቶር ስትሄድ ደግሞ «ፋይናንስ ጠይቂ»። ሁለት ሦስት ቀን ተመላልሳ በመጨረሻ ትፈርማለች። ተማምናበት አይደለም፤ አዲሱ መሥሪያ ቤት የሥራ ልምድ አምጪ ብሏታል፣ የቤት ኪራይም ደርሶባታል።

ዕዳ የለም እያልኩ አይደለም። የተበደረ ይክፈል፣ ላፕቶፕ የተረከበ ያስረክብ። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ጥሎ የሄደውንም ሕጉ ዝም አላለውም፤ ከ30 ቀን ደመወዝ የማይበልጥ ካሳ ከቀሪ ክፍያው ላይ እንዲከፍል ያደርገዋል። የምቃወመው ዕዳ መኖሩን የምትመሰክሩትም፣ ልኩን የምትወስኑትም፣ ገንዘቡን የምታስቀሩትም እናንተው መሆናችሁን ነው። ያውም ሠራተኛው ለመከራከር አቅሙ በሚያንስበት ሰዓት።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ ደመወዝ አይቆረጥም። ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም፤ ወር 6,000 ብር ለሚያገኝ ሰው ጣሪያው 2,000 ብር ነው። ውሉ ሲቋረጥ የሚገባው ክፍያ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። መጠኑ ላይ ክርክር ቢነሳ እንኳ ያልተካካዳችሁበትን ገንዘብ በዚያው ጊዜ መክፈል አለባችሁ። ባልተካደው ገንዘብ የተካደውን ማስፈረሚያ የምታደርጉት ግን ብዙ ናችሁ። ያለበቂ ምክንያት ባዘገየ አሠሪ ላይ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ጨምሮ እንዲከፍል ሊወሰንበት ይችላል።

አንድ ነገር ቶሎ እንደምትጠቅሱልኝ አውቃለሁ። ሠራተኛው በራሱ ጥፋት ንብረት ወይም ገንዘብ ሳይመልስ ከዘገየ የክፍያው ጊዜ ሊራዘም ይችላል። እውነት ነው። ዩኒፎርሙንና መታወቂያውን አስረክቦ፣ ክሊራንሱ ግን የንብረት ክፍል ኃላፊው ፈቃድ ላይ ስለሆነ ሳይፈረም የከረመበት ሠራተኛስ? ጥፋቱ የማን ነው? «ነገ ና» እየተባለ ወር በወር ላይ ይደረብበታል። ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመጣ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ክስ ካልቀረበበት በይርጋ ይታገዳል። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ ጥቂት ነው፤ ሌላው በትዕግሥት ሲመላለስ መብቱ ያልፍበታል። እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ለመልቀቅ የወሰነ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣችኋል። የንብረት ቆጠራውን ያኔ ጀምሩት። ጎደለ የምትሉትን በዓይነትና በዋጋ ዘርዝራችሁ፣ የተረከበበትን ሰነድ አያይዛችሁ ወንበሩ ላይ እያለ ስጡት። ያመነውን ይፈርም፤ ያላመነውን ተዉትና ፍርድ ቤት ይየው።

የሥራ ልምድ ማስረጃውን ግን ከዚህ ሁሉ አውጡት። ሠራተኛው የሠራውን ሥራ፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ መስጠት የእናንተ ግዴታ ነው፤ ለጎደለ ብርጭቆ መያዣ አይሆንም። በመሳቢያችሁ ያስቀራችሁት ካለ ባለቤቱን ደውላችሁ ጥሩትና ስጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ