የጠለቀው ማሽኑ ነው ወይስ ዋጋው?

«አሮጌውን ጣለውና አዲሱን ግዛ፤ አዲሱ እጥፍ ይጠልቃል!» የወርቅ መፈለጊያ ማሽን ሻጮች ዘፈን ይሄ ከሆነ ሰነባብቷል። ዘፈኑ ኪሱ ለሞላ ባለሀብት ብቻ የሚዘፈን ቢሆን ኖሮ «ገንዘቡም የራሱ፣ ኪሳራውም የራሱ» ብለን ባለፍነው ነበር። የሚዘፈነው ግን በሬውን ሸጦ፣ ዕቁቡን አስቀድሞ ወስዶ፣ ከአምስትና ከስድስት ጓደኞቹ ጋር አዋጥቶ ወደ አሶሳ፣ ወደ ሻኪሶ፣ ወደ ሽሬ ለሚሄደው ምስኪን ነው። ታዲያ እኛስ «ለመሆኑ እጥፍ የጠለቀው በምን ሜትር ተለክቶ ነው?» ብለን ብንጠይቅ ነውሩ ምኑ ላይ ነው?

ጥያቄው የቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 አንድ አውንስ ወርቅ በዓለም ገበያ መጀመሪያ 3 ሺህ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ደግሞ 4 ሺህ ዶላር አልፏል። አገራችንም በ2017 በጀት ዓመት ከወርቅ ብቻ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ይህን የሰማ ሰው አካፋውን ይዞ ቢነሳ አይፈረድበትም። ነገር ግን ማሽኑ የሚገዛው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበረ፤ ባለ 6 ሺህ ዶላሩ ማሽን በባንክ ሂሳብ 342 ሺህ ብር ይመጣ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። እጥፍ ስለ መሆኑ በማስረጃ የምናውቀው እንግዲህ ይሄን ነው፦ ዋጋውን!

ወደ ጥልቀቱ እንምጣ። ማሽኑ እንደ ሰው ዓይን አፈሩን ሰንጥቆ አያይም። ከታች ያለው ሳህን (ኮይል የሚሉት) ወደ መሬት የማግኔት ኃይል ይልካል። ይህ ኃይል ብረታ ብረት ሲያገኝ በላዩ ላይ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያስነሳል፤ የተነሳው ኤሌክትሪክ ደግሞ የራሱን ደካማ ማግኔት ወደ ላይ ይመልሳል። ማሽኑ የሚሰማው ይህን መልስ ነው። ከወንዝ ማዶ ያለን ሰው ተጣርቶ መልሱን እንደ መስማት በሉት። ጥሪው ሲሄድ ይደክማል፤ መልሱም ሲመጣ ይደክማል።

ስንት ይደክማል? ሻጮቹ የማይነግሩን እዚህ ላይ ነው። ከሳህኑ ስፋት ወዲያ ለተቀበረች ትንሽ ጠጠር ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሳት ኃይል ስምንተኛ እጅ ብቻ ይሆናል። የምትመልሰውም ሲመለስ እንደገና ስምንተኛ እጁ ብቻ ይደርሳል። ስምንት ጊዜ ስምንት ስንት ነው? 64! ስለዚህ «አዲሱ እጥፍ ይጠልቃል» ያለ ሰው «አዲሱ ጆሮ ከአሮጌው 64 ጊዜ ይልቃል» ማለቱ ነው። እንዲህ ያለ ጆሮ የሠራ ፋብሪካ ካለ ይምጣና ያሳየን። 10 በመቶ ብቻ ለመጥለቅ እንኳ ማሽኑ የሚሰማው መልስ ሁለት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ መጨመር አለበት።

ፋብሪካዎቹ ራሳቸው እኮ እንዲህ አይሉም። በወርቅ ፍለጋ የታወቀው የአውስትራሊያው ማይንላብ እ.ኤ.አ. በ2015 ጂፒዜድ 7000 የተባለውን ሲያወጣ፣ በ2010 ከወጣው ከራሱ ጂፒኤክስ 5000 ጋር አወዳድሮ «እስከ 40 በመቶ ይጠልቃል» ነው ያለው። «እስከ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ያም ሆኖ 40 በመቶ ትልቅ ነገር ነው፤ በላይኛው ሂሳብ ሰባት እጥፍ ተኩል ገደማ የበለጠ መስማትን ይጠይቃል። እንግዲህ ሠሪው፣ የራሱን ዕቃ የሚያሞግሰው ሠሪው፣ «እስከ 40» ያለውን የእኛ ሰው ምን ቆርጦት 100 አደረገው?

ለአዲሶቹ ማሽኖችም ቢሆን የሚገባቸውን መንፈግ አይገባም። የወርቅ አገር አፈር ብዙውን ጊዜ ቀይ ነው፣ የብረት ማዕድን የሞላበት። ድሮ በነበሩት ማሽኖች ላይ አፈሩ ራሱ ይጮህ ነበር። እነሱ እየላኩ እዚያው ላይ ስለሚያዳምጡ የወርቁ ድምፅ በአፈሩ ጫጫታ ይዋጣል። እውነተኛው ዝላይ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ኤስዲ 2000 ሲወጣ ነው። ይህኛው ኃይሉን ልኮ፣ ዝም ብሎ፣ ከዚያ ነው የሚያዳምጠው፤ የሚልከውንም አጭርና ረጅም እያደረገ የአፈሩን ድምፅ ከወርቁ ይለያል። ይሄ አብዮት ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣው በአብዛኛው ማሻሻል ነው። ባለ 6 ቮልቱ ከባድ ባትሪ ከጀርባ ወረደ፤ ማሽኑ አፈሩን በራሱ ይለማመድ ጀመር፤ የ2014ቱ ኤስዲሲ 2300ና የ2021ዱ ጂፒኤክስ 6000 ድሮ ሳይሰሙ የሚታለፉትን ጥቃቅን ወርቆች መስማት ቻሉ። ጂፒኤክስ 6000 ክብደቱ 2.1 ኪሎ ነው፤ ከእሱ በፊት የወጣው ጂፒዜድ 7000 ግን 3.3 ኪሎ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲያወዛውዝ ለሚውል ክንድ ይህ ልዩነት ቀላል አይምሰላችሁ።

ታዲያ ይህን ይበሉን! «ይቀላል፣ ጥቃቅኑን ይሰማል» ብለው ይሽጡ፤ ማን ይቃወማቸዋል? ግን ክብደትና ጥቃቅን ወርቅ ሰው አያስጎመጅም። የሚያስጎመጀው ጥልቀት ነው። አዲስ የሆነ ሁሉ ለጥልቀት ተሠርቷል ያለውስ ማነው? እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ጎልድ ሞንስተር 1000 ከኤስዲ 2000 በ22 ዓመት ያንሳል። የተሠራው ግን በ45 ኪሎ ኸርዝ ከላይ ከላይ ያለውን ጥቃቅን እንዲለቅም ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጎበዝ ነው። ትልቅ ሳህን የተገጠመለት የድሮ ማሽን ቀይ አፈር ውስጥ ጠልቆ የተቀበረ ትልቅ ጠጠር ቢፈልግ ይህን ልጅ እግር ያስከነዳዋል። «ልጅ ነውና ይበረታል» የሚለው የሰፈር ፍርድ ለበሬ እንጂ ለኮይል አይሠራም።

የሱቁን ማሳያ ያላየ የለም። ሻጩ ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ ያስደግፋል፤ የጋብቻ ቀለበቱን ያወልቅና በአየር ላይ እያራቀ ያወዛውዛል። ጩኸቱ ሱቁን ሲሞላው ገዢው ይደነግጣል፤ «ጉድ እኮ ነው!» ይላል። እውነትም ጉድ ነው። አንደኛ፣ በሳህኑና በቀለበቱ መካከል ያለው አየር ነው፤ አየር ውስጥ ቀይ አፈር የለ፣ ብረት የበዛበት ድንጋይ የለ። ሁለተኛ፣ ቀለበት ዙሪያውን የተዘጋ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ እየተሽከረከረ ይጮህለታል፤ በሚዛን እኩሉ የሆነ፣ ከመሬት የወጣ ሸካራ ወርቅ እንዲያ አይጮህም። ጠገራ ብር የሚያወጡም አሉ። ጠገራ እኮ 28 ግራም የሚመዝን ሰፊ ሳህን ነው! እሱን የማይሰማ ማሽን ካለስ ጥሎ መሄድ ነው። አንድ ወርቅ ፈላጊ ከመሬት የሚለቅመው ግን ጠገራ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከስንዴ ፍሬ የማይበልጥ ነገር ነው፤ እሱም የሚሰማው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው። ወቄት የሚመዝን ድፍን ወርቅ በደህና አፈር ላይ ግማሽ ሜትር ገደማ ቢሰማ ባለማሽኑ ዕድለኛ ነው። «3 ሜትር፣ 5 ሜትር» የሚሉት ለመኪና ሞተር ነው እንዴ?

«አዲስ» የተባለውስ በእርግጥ አዲስ ነው? እ.ኤ.አ. በ2011 የማይንላብ ባለቤት የሆነው የኮዳን ኩባንያ አንድ ኃላፊ ቻይና ሄዶ ሳለ በሆቴል ኢንተርኔት በኩል ኮምፒውተሩ ተሰርስሮ የማሽኖቹ ንድፍ እንደተሰረቀ ሮይተርስ በ2015 ዘግቧል። ከዚያማ አስመስሎ የተሠራው ማሽን አፍሪካን አጥለቀለቀ። ኩባንያው ዋጋ ለመቀነስ ተገደደ፤ ትርፉም በአንድ ዓመት ከ45 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ወደ 9 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ለፈረንጁ ባለአክሲዮን አናለቅስም፤ እሱ ከስሮም ቤቱ ያድራል። የእኛ ጥያቄ ያ ሁሉ የውሸት ማሽን በማን ክንድ ላይ ቀረ የሚል ነው። አስመስሎ የተሠራውን ይዞ «አዲሱ ከአሮጌው አይሻልም» የሚለውም፣ ባትሪው የሞተ አሮጌ ይዞ «አዲሱ እጥፍ ጠለቀ» የሚለውም ምንም አልለካም።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ አንቴና የመሰለ ነገር በእጁ አስይዞ «ከርቀት ያሸታል፣ 30 ሜትር ድረስ ያመለክታል» የሚለው ነው። በዚህ ጉዳይ ፍርድ ቤት የደረሰ ታሪክ አለና እሱን ላስታውሳችሁ። ጄምስ ማኮርሚክ የተባለ እንግሊዛዊ የጎልፍ ኳስ ይፈልጋል ተብሎ በ20 ዶላር የሚሸጥ መጫወቻ ላይ ተነስቶ «ፈንጂ ጠቋሚ» ብሎ ለኢራቅና ለሌሎች አገሮች በብዙ ሚሊዮን ሸጠ። ውስጡ የሚሠራ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን ላይ 10 ዓመት ተፈረደበት። መንግሥታት በዚህ ከተሞኙ በሬውን የሸጠ ገበሬ ቢሞኝ ምን ይገርማል?

አሁን ተከራካሪዎቻችን አንድ ነገር ያነሳሉ። «አሮጌ ማሽን አሥር ጊዜ የፈተሸው ቦታ ላይ አዲሱ ወርቅ አወጣ፤ በዓይናችን አየን» ይላሉ። እናምናለን! ነገር ግን የወጣው ወርቅ ስንት ግራም ነበር? ከስንት ሴንቲ ሜትር ወጣ? ሳህኑ ስንት ነበር? ያወዛወዘውስ ያው ሰው ነው? ጥቃቅን ወርቅ ከላይ ከላይ ለቅሞ ማውጣት ጥልቀት አይባልም፤ ለቀማ ነው። በዝግታ የሄደ ሰው በጥድፊያ የሄደ የረሳውን ያገኛል፤ በአሮጌውም ቢሆን።

ይህ ሁሉ ክርክር ለምን ያንገበግበናል? ውሸቱ ሰው ስለሚገድል ነው። «3 ሜትር ያያል» ተብሎ የተሸጠለት ልጅ ብረት የበዛበት ድንጋይ ሲጮህበት መቆፈር ይጀምራል። ግማሽ ሜትር ወርዶ ድምፁ አልጠራም፣ አልጨመረም። ማሽኑን የሚያውቅ ሰው እዚያ ላይ ትቶት ይሄዳል። እሱ ግን «ጠልቋል ማለት ነው፤ ማሽኔ እኮ 3 ሜትር ነው» ብሎ ይወርዳል። የጉድጓዱ ግድግዳ ድጋፍ የለውም፤ ከላይ የተቆለለው አፈር ዳር ዳሩ ላይ ነው፤ ሌሊቱን ዝናብ ጥሏል። ጉድጓድ ተደርምሶ ወርቅ ቆፋሪ ሞተ የሚለው ዜና ለጆሯችን አዲስ አይደለም።

ብሔራዊ ባንክ ወርቁን በግራም መዝኖ፣ ንጥረቱን ለክቶ ነው የሚገዛው። ደግ አደረገ። ለወርቁ ሚዛን ካለ ለማሽኑስ? መለካት አይቻልም እንዳይሉን። ለፈንጂ ማምከኛ ዲቴክተሮች አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ2003 የጋራ የመፈተኛ ሥርዓት አውጥተዋል፤ በአየር ላይ ብቻ ሳይሆን አፈር ውስጥ፣ ፈላጊው የተቀበረበትን ቦታ ሳያውቅ ጭምር ነው የሚፈተነው። የማዕድን ሚኒስቴር አለን፤ የደረጃዎች ኢንስቲትዩት አለን፤ አፈሩን የሚያውቅ የጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት አለን። አሶሳ፣ ሻኪሶና ሽሬ ላይ አንድ አንድ ጥማድ የማትሞላ መሬት ይከለል። የ1 ግራም፣ የ5 ግራም፣ የወቄት ጠጠር በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ይቀበር፤ ወርቁ ከከበዳቸው እርሳስ ይበቃል። ባዶ ጉድጓዶችም በመካከል ይኑሩ። አሮጌውና አዲሱ፣ ሁለቱም ሙሉ ባትሪ ይዘው፣ በአንድ ሰው እጅ ተራ በተራ ይለፉበት። ውጤቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ታትሞ ማሽን በሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ በር ላይ ይለጠፍ።

እናንተም «እጥፍ ይጠልቃል» ባዮች ማሽናችሁን ይዛችሁ ኑ። ቀለበታችሁን ግን ቤት አስቀምጡት፤ ማዳመጫውንም ሻጩ ሳይሆን ገዢው ያጥልቀው።